ካርቶኑ ቆሻሻ የሚሆነው በእጃችን ላይ ነው

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የጣለው ዝናብ አገሪቱ የአየር ጠባይ መረጃ መመዝገብ ከጀመረችባቸው 75 ዓመታት ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። ከሻርጃ ጋር በምትዋሰነው የዱባይ ሠፈር በአል ቁሰይስና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው ሁሉ ከዚያ ሰሞን የሚያስታውሰው የራሱ ነገር አለው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የማይረሳው ካርቶኑን ነው። ከመጋዘን ጀርባ በሥርዓት ተደርድሮና ታስሮ የሚጫንበትን መኪና ይጠብቅ የነበረ የካርቶን ክምር የጎርፍና የፍሳሽ ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ተላልጦ፣ ሻግቶ ታየ። ትናንት በሚዛን ተለክቶ የሚሸጥ ዕቃ የነበረው ዛሬ ለማስነሻው ገንዘብ የሚከፈልበት ቆሻሻ ሆነ።

ካርቶኑ ያው ካርቶን ነበር። ዋጋውን ያጣው ከማይገባው ነገር ጋር ስለተቀላቀለ ብቻ ነው። ያንን በመሰለ ዝናብ ማንም አይወቀስም። ነገር ግን ዝናቡ በአንድ ሌሊት ያደረገውን እኛ በየዕለቱ፣ በየወጥ ቤታችንና በየሱቃችን፣ በገዛ እጃችን እናደርገዋለን። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው፦ የወረቀት ተረፈ ምርት ጥሬ ዕቃ ሆኖ የሚቀጥለው ወይም ቆሻሻ ሆኖ የሚቀረው ፋብሪካ ሲደርስ ሳይሆን፣ ገና በእኛ እጅ ሳለ፣ በሚለይበት ወይም በሚቀላቀልበት ቅጽበት ነው።

ነገሩን ለመረዳት የፋብሪካውን ሥራ ማወቅ ይረዳል። አሮጌ ወረቀት ፋብሪካ ሲገባ በመጀመሪያ በትልቅ ጋን ውስጥ በውሃ ተበጥብጦ ወደ ቃጫነት ይመለሳል። ቀጥሎ በወንፊት እየተጣራ ስፌት ሽቦው፣ ፕላስተሩና አሸዋው ይወጣል። የተጻፈበት ወይም የታተመበት ወረቀት ከሆነ ሳሙና መሰል ነገር ተጨምሮበት አየር ይነፋበታል፤ ቀለሙም ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። በወሎ፣ በሐረር ወይም በጅማ ቁርኣን ቤት ያደገ አንባቢ ይህ ሥራ አይጠፋውም። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም የተጻፈበትን የእንጨት ሉህ አጥቦ፣ አድርቆ፣ የነገውን ትምህርት መልሶ የሚጽፍበት ልጅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ሉሁ ለብዙ ዓመታት መታጠብ መቻሉ ነው። የወረቀት ቃጫ ግን በተበጠበጠ ቁጥር እያጠረ ስለሚሄድ በአማካይ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ካገለገለ በኋላ ይደክማል። አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለው ካርቶን እንግዲህ ገና ብዙ ዕድሜ የቀረው ዕቃ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። «ወረቀት» የሚለው ቃላችን የመጣው ከዓረብኛ ነው፤ የወረቀት ሥራም ከቻይና ወደ ሙስሊሙ ዓለም የተሻገረው በ8ኛው መቶ ዘመን በሳማርቃንድ በኩል ነበር። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በሃሩን አል ረሺድ ዘመን፣ ባግዳድ የራሷ የወረቀት መሥሪያ ነበራት። የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ጥሬ ዕቃቸው የዛፍ ግንድ አልነበረም። ያረጀ ጨርቅና የተበጣጠሰ ገመድ ሰብስበው፣ ዘፍዝፈውና ወቅጠው ነበር ወረቀት የሚያወጡት። የሐዲስ፣ የሕክምናና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት የተስፋፉት ሌላው ሰው በጣለው ጨርቅ ላይ ተጽፈው ነው ማለት ይቻላል። ከእንጨት ወረቀትን በብዛት መሥራት የተለመደው ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው።

የእንጨቱ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር አስከተለ። እንጨት በሶዳና በድኝ ኬሚካል ተቀቅሎ ቃጫው ሲለይ፣ ባለሙያዎች «ጥቁር ፈሳሽ» የሚሉት እጅግ መርዘኛ ዝቃጭ ይተርፋል። ይህ ፈሳሽ ወደ ወንዝ በሚለቀቅበት ቦታ ሁሉ ዓሣና ውሃ ይጎዳ ነበር። ከ1930ዎቹ ወዲህ ግን መፍትሔ ተገኘለት። ፈሳሹ ውሃው ተንኖ ከወፈረ በኋላ በልዩ ማሞቂያ ውስጥ እንዲነድ ይደረጋል። ከእንጨቱ የወጣው ሊግኒን ለፋብሪካው እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ኬሚካሉ ከሥር ቀልጦ ይሰበሰብና ለሚቀጥለው ቅቀላ ይመለሳል፤ ኖራውም በምድጃ ተቃጥሎ ይታደሳል። ቀድሞ ወንዝ ይበክል የነበረው ነገር ዛሬ የፋብሪካው ማገዶ ሆኗል። ይህ የተቻለው ፈሳሹ ለብቻው፣ በአንድ ቧንቧ፣ ምንነቱ ታውቆ ስለሚወጣ ነው። ከሌላ ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ማንም አይመልሰውም ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አይገባም። አሮጌ ወረቀትን መልሶ መሥራትም የራሱ ተረፈ ምርት አለው። ቀለም፣ የሸክላ ዱቄትና ያጠረ ቃጫ የተቀላቀለበት ዝቃጭ ይተርፋል፤ ከካርቶኑ ጋር የገባው ፕላስቲክም አብሮ ይወጣል። ዝቃጩ ተመርምሮ ለጡብና ለሲሚንቶ ሥራ ሊውል ይችላል፤ ፕላስቲኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቃጠል ሌላ ዕድል የለውም። ስለዚህ «መልሶ መጠቀም» የሚለው ቃል ብቻውን አካባቢን አያጸዳም። ከፋብሪካው የሚወጣው ቆሻሻ የሚያንሰው ወደ ፋብሪካው የሚገባው ወረቀት ንጹሕ ሲሆን ነው።

አል ቁሰይስ ይህንን ጉዳይ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስሟ ለብዙ ዓመታት ከዱባይ ትልቅ የቆሻሻ መጣያ ጋር ተያይዞ ኖሯል። በመሬት ውስጥ የተቀበረ የምግብ ትራፊና ወረቀት ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን፣ ለዓለም ሙቀት መጨመር ምክንያት ከሆኑት አንዱን ጋዝ ያወጣል። የዱባይ ማዘጋጃ ቤት በ2010ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ሥፍራ ጋዙን በቧንቧ እየሳበ ኃይል የማመንጨት ሥራ አስጀምሯል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ብዙ ርቀት ተጉዛለች። የተቀናጀ የቆሻሻ አያያዝ የፌዴራል ሕግ ቁጥር 12 በ2018 ወጥቷል፤ ከ2021 እስከ 2031 የሚዘልቅ የክብ ኢኮኖሚ ፖሊሲም ጸድቋል። ሻርጃ በ2022 ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚለውጥ ጣቢያ ከፍታለች። ከአል ቁሰይስ ብዙ በማይርቀው ዋርሳን የተገነባው የዱባይ ጣቢያ ደግሞ በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደ ነው።

እነዚህ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ሆኖም የማቃጠያው መኖር እንዳያዘናጋን እሰጋለሁ። «ምንም ብጥል ኤሌክትሪክ ይሆናል» የሚል ሰው ተሳስቷል። ካርቶን ሲነድ ኃይል የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው። ለወረቀት ፋብሪካ ቢሰጥ ግን አምስት ጊዜ ካርቶን ሆኖ ያገለግላል፤ በመጨረሻ ሲደክምም ቢሆን ማቃጠያው አይሸሸውም። ዘይት የጠጣው የምግብ መያዣ፣ ያገለገለው ሶፍት፣ የሻገተው ወረቀት ወደ ዋርሳን ይሂዱ፤ ቦታቸው ነው። ንጹሑና ደረቁ ካርቶን ግን ከእነርሱ ጋር መሄድ የለበትም።

ጉዳዩ የገበያም ጉዳይ ነው። ቻይና ለብዙ ዓመታት የዓለምን አሮጌ ወረቀት ስትገዛ ቆይታ፣ በመጀመሪያ የጥራት መለኪያዋን አጠበቀች፤ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ማንኛውንም ደረቅ ቆሻሻ ከውጭ ማስገባትን ከለከለች። ዋናው ቅሬታዋ የሚላክላት ወረቀት ከሌላ ቆሻሻ ጋር የተቀላቀለ መሆኑ ነበር። ኤምሬትስ በበኩሏ በ2020 አሮጌ ወረቀት ወደ ውጭ እንዳይላክ ለወራት አግዳ ነበር፤ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ይፈልጋሉና። በዱባይ እንደሚገኘው ዩኒየን ፔፐር ሚልስ ያሉ ፋብሪካዎች ሥራቸው የተመሠረተው ከከተማው በሚሰበሰብ አሮጌ ወረቀት ላይ ነው። አንዱ አገር «ቆሻሻችሁን አልቀበልም» ሲል ሌላው «አሮጌ ወረቀቴን አላስወጣም» ማለቱ ያው ዕቃ እንደ አያያዙ ሸክምም ሀብትም መሆኑን ያሳያል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ከዚህ ገጽ አንባቢያን ብዙዎቹ በሰው ቤት፣ በሱቅ፣ በምግብ ቤትና በመጋዘን የሚሠሩ እኅቶችና ወንድሞች ናቸው። ካርቶኑ በመጨረሻ የሚያልፈው በእነርሱ እጅ ነው። ድካም እንጨምርባቸው ለማለት አይደለም። የሚጠየቀው ጥቂት ነው፦ ካርቶኑን ጠፍጥፎ ማጠፍ፣ ከምግብ ትራፊ ከረጢት አለማስጠጋት፣ ፕላስተሩንና ስፖንጁን መንቀል፣ ደረቅ ቦታ ማቆየት። የሒሳብ ደረሰኝና የሶፍት ቁራጭ ከወረቀቱ ጋር ባይገቡ ይመረጣል። በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ወይም በልጆች ቦርሳ የተገኘ የቁርኣን አንቀጽ ወይም የአላህ ስም ያለበት ወረቀት ደግሞ ለብቻው ይቀመጥ፤ ዑለማዎች ያረጀ ሙስሐፍ በክብር እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል ፈቅደዋልና፣ ከቆሻሻ ጋር የሚጣልበትም ሆነ ሶፍት የሚሆንበት ምክንያት የለም።

«እኔ ብለየው ሌላው መልሶ ይቀላቅለዋል» የሚል ቅሬታ አለ፤ ከንቱ ቅሬታም አይደለም። መልሱ ግን መለየትን መተው ሳይሆን የተለየው የሚሄድበትን ማወቅ ነው። የሕንፃው ናጡር ካርቶን የሚረከብ ሕጋዊ ሰብሳቢ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ፣ የካርቶን ማጠራቀሚያ በጥላ ሥር እንዲሆን ማሳሰብ ይቻላል። ቀጣሪዎችና የሕንፃ አስተዳዳሪዎችም ድርሻ አላቸው። ሁለት የተለያዩ ማጠራቀሚያዎች ሳያዘጋጁ ሠራተኛውን «ለምን አልለየህም» ማለት ፍትሕ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ካርቶን የሚሰበስበው ሰው ጓንት፣ ጥላና የሚገባው ክፍያ ያስፈልገዋል፤ የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ የሚጀምረው ከእርሱ ነውና።

ይህንን ልማድ እዚህ የሚያዳብር ሰው አገር ቤት ይዞት የሚገባው ቁም ነገር አለ። እኛ ለሥራው ባዕድ አይደለንም። «ቁራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረውን ሰው ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ የመርካቶ ምን አለሽ ተራ የተጣለ ብረትና በርሜል ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት ሰፊ ትምህርት ቤት ነው። በሌላ በኩል የሁሉም ነገር መቀላቀያ የነበረው ቆሼ በማርች 2017 ተደርምሶ ከአንድ መቶ በላይ ወገኖቻችንን መቅበሩን አንረሳም። መቀላቀል ሰውም ይበላል።

ወረቀትን በተመለከተ ደግሞ የወንጂ ታሪክ ያስቆጫል። የሐረር ዑለማዎች ሙስሐፍ ሲገለብጡ የሚጠቀሙበት ወረቀት ከጣሊያን በቀይ ባሕር ተሻግሮ ይመጣ ነበር፤ እኛም ከዚያ ጥገኝነት እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልወጣንም። በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በየዓመቱ ጭማቂው የተመጠጠ የአገዳ ቃጫ፣ ባጋስ የሚባለውን፣ ሲያወጣ ኖሯል። በዚያው በወንጂ የተተከለው የወረቀት ፋብሪካ ግን ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረው በውጭ ምንዛሪ በተገዛ ፐልፕ ነው። ባጋሱ ለስኳር ፋብሪካው ማገዶ ስለሚሆን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ለወረቀት የሚተርፈው ማሞቂያው ቆጣቢ ሲሆን ወይም ሌላ ማገዶ ሲገኝ ነው። ይሁንና በላይኛው ግብፅ በቁስ ከተማ ከስኳር ፋብሪካው ጎን የተተከለ ወረቀት ፋብሪካ በባጋስ ይሠራል፤ ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም። በኮምቦልቻና በሐዋሳ የልብስ ፋብሪካዎች የሚቆረጠው የጥጥ ጨርቅ ብጣሽም እንደ ባግዳዱ ጨርቅ ጠንካራ ወረቀት ሊወጣው ይችላል፤ ጥጡ ከናይለኑ ተለይቶ ከተሰበሰበ ማለት ነው። የተማሪ መጽሐፍ በሚያጥርበት፣ የወረቀት መወደድ ማተሚያ ቤቶችን በሚያስጨንቅበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ ወደ አገር ቤት ገንዘብ መላክ የለመደ ወገን አንድ ቀን ሙያም ሊልክ ይችላል። በመጋዘን ካርቶን ሲለይና ሲያስር የኖረ ወጣት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ገብቶ ትንሽ የመሰብሰቢያና የማሰሪያ ሥራ ቢጀምር፣ ያየውን ነገር ይሠራል እንጂ እንግዳ ነገር አያመጣም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የአንድ ከተማ ካርቶን ለአንድ ማዘጋጃ ቤት ሸክም ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ለይቶ ካቆየ ግን ለማንም አይከብድም።

የዚያን ዓመት ዝናብ ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። በወጥ ቤታችን ደጃፍ ያለውን ካርቶን ግን ከትራፊው ከረጢት ማራቅ እንችላለን። ዛሬ ማታ በር ላይ የሚደርሰው ዕቃ ከካርቶኑ ሲወጣ፣ ካርቶኑ ለብቻው ይታጠፍ።