ሬዲዮው ከምሰሶው ወርዶ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ይቀመጥ



በየመንደራችን ሬዲዮ አለ። በአንዱ ቤት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። በሌላው ቤት ከእረኛው ትከሻ ላይ ሆኖ ከከብቱ ጋር ይውላል። በአንዳንዱ ቤት ደግሞ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ በኪስ ይዞራል። ዜናው ይሰማል፣ ዘፈኑ ይሰማል፣ የግብርናው ምክርም ይሰማል። የማታ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ግን ሬዲዮ የለም። ፊደል የምንቆጥርበት ቤት ሌላ፣ ሬዲዮ የምንሰማበት ቤት ሌላ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ይሄ ነገር ትክክል አይመስለኝም። ሬዲዮው ወደ ትምህርት ቤቱ መግባት አለበት እላለሁ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

ፊደል እንደ እርሻ መሬት ነው፤ ካልታረሰ ዳዋ ይለብሳል። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ አልተወለድኩም። ነገር ግን የዘመቱትም የተማሩትም ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ሚሊዮኖች ፊደል ቆጥረዋል። ታዲያ ከእነዚያ ውስጥ ዛሬ ከስማቸው በቀር ምንም መጻፍ የማይችሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሰነፎች ስለሆኑ ነው? አይደለም። መጽሐፉን ከጨረሱ በኋላ የሚያነቡትና የሚጽፉት ነገር አጡ። ጋዜጣ ከመንገድ ዳር አልፎ አይመጣም። ሲመጣም ዘግይቶ ነው።

ሬዲዮ ግን በየቀኑ ይመጣል። ጭቃ አያግደውም፣ ወንዝ ሞላብኝ አይልም። በየቀኑ አዲስ ቃል፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ የቦታ ስም ይዞ ይመጣል።

«ሬዲዮ እኮ የሚሰማ እንጂ የሚነበብ አይደለም፤ ከፊደል ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። የሚያገናኘው እርሳስ ነው። የሰማነውን ስንጽፈው ይነበባል። ካልጻፍነው ግን ነፋስ ይወስደዋል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባል የለም?

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ስለ ማዳበሪያ ነው፤ ሁላችሁም የምታውቁት ጉዳይ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ይሰጥ የነበረው ምክር «ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ» የሚል ነበር። ዛሬ ዳፕ በሌላ ማዳበሪያ ተተክቷል። መጠኑም እንደ አፈሩና እንደ አዝመራው ዓይነት ይለያያል። ለምሳሌው ግን የድሮውን ቁጥር እንያዝ። ሬዲዮው «ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል» ይላል። ገበሬው በሄክታር አይቆጥርም፣ በጥማድ ነው የሚቆጥረው። «አንድ ኩንታል» የምትለዋን ይዞ «ለአንድ ሄክታር» የምትለዋን ቢጥላት ምን ይሆናል? ኩንታሉን ወስዶ ለአንዲት ጥማድ ጤፉ ይበትነዋል። በብዙ ቦታ ጥማድ የሄክታር ሩብ ነው። እንግዲህ አራት እጥፍ በተነ ማለት ነው። ገንዘቡ ባከነ። ዩሪያ የበዛበት ጤፍ ደግሞ አለመጠን ይመዝና ይጋሸባል። ጤፍ ከተጋሸበ በኋላ ምን እንደሚታጨድ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከዚያ ሰውየው «ሬዲዮ ውሸታም ነው» ይላል። ሬዲዮው አልዋሸም፤ የተባለውን ግማሹን ነው የሰማው።

አሁን ይህንኑ ምክር በትምህርት ቤት እንደሰማነው እናስብ። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ «አንድ ሄክታር = 4 ጥማድ» ብሎ ይጽፋል። የእናንተ አገር ጥማድ ሰፋ ወይም ጠበብ ካለ በዚያው ልክ ይስተካከላል። 100 ለ4 ሲካፈል ስንት ነው? 25። ሦስት ጥማድ ያለው ስንት ያስፈልገዋል? 75 ኪሎ። ማካፈል ለምን እንማራለን እያሉ የሚያጉረመርሙ አባቶች አጋጥመውኛል። በብርቱካንና በእንቁላል ሲካፈል ሰለቻቸው መሰለኝ፤ እውነታቸውን ነው። በራሳቸው መሬትና በራሳቸው ገንዘብ ሲሆን ግን ማንም አያንቀላፋም።

ይሁን እንጂ ሬዲዮውን ከፍቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ትምህርት አይደለም። እንደዚያ ከሆነማ እቤታችን ሆነን እንሰማው የለም? ሥራ አለው። ሥራው ከመክፈቱ በፊት ይጀምራል። ስለ ምን እንደሚነገር ካወቅን መምህሩ አራት አምስት ከባድ ቃላትን አስቀድሞ ይጻፍ። «ፀረ ተባይ»፣ «ክትባት»፣ «በመቶ» የሚሉትን የመሰሉ። የከተማው ተናጋሪ በፍጥነት ነው የሚናገረው፤ ቃሉን በዓይናችን አይተን ከጠበቅነው ግን ጆሯችን ይይዘዋል። ከዚያ ሥራ እንከፋፈል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ቁጥር ብቻ ይያዙ። እነዚያ የቦታ ስምና ቀን ይያዙ። ሌሎቹ ያልገባቸውን ቃል ይያዙ። አንድ ሰው ሁሉን ልያዝ ካለ ሁሉን ይጥላል።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሬዲዮው ይዘጋ። ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው፤ ይዘጋ! ዘፈን ይከተላልና አንዳንዱ እንዲዘጋ አይፈልግም። ዘፈኑ ከትምህርት በኋላ ይደርሳል። ዘግተን እንነጋገር። አንተ ምን ሰማህ? አንቺስ? አንዱ 25 ሰማሁ ሲል ሌላው 35 ሰማሁ ካለ፣ ያ ጭቅጭቅ ራሱ ትምህርት ነው። በእጅ ስልክ መቅዳት የሚችል ልጅ ካለ ደግሞ ይቅዳው። ድሮ ያመለጠ ቃል አመለጠ ነበር፤ ዛሬ መልሶ መስማት ይቻላል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰው በደብተሩ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። አንድ ብቻ። በሳምንት ሦስት ቀን ቢሆን በዓመት ስንት ዓረፍተ ነገር ይሆናል? እሱንም አስሉት።

ይህ ከራሴ የፈለሰፍኩት ሐሳብ አይደለም። በካናዳ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1965 ድረስ የገበሬዎች የሬዲዮ ሸንጎ ነበር። ሰኞ ማታ ጎረቤታሞች በአንድ ገበሬ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። የሚወያዩበት ጽሑፍ አስቀድሞ በፖስታ ይደርሳቸዋል። እሱን አንብበው ይጠብቃሉ። ሬዲዮውን ይሰማሉ፣ ዘግተው ይከራከራሉ፣ የደረሱበትን ጽፈው ወደ ጣቢያው ይልካሉ። ጣቢያውም የገበሬዎቹን መልስ ደግሞ በሌላ ሳምንት ያሰማል። አያችሁ? ሬዲዮው መናገር ብቻ ሳይሆን መስማትም ነበረበት። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ይሄ ነው። እኛ ሬዲዮ የሚያዘን ነገር ይመስለናል።

ታንዛኒያ ደግሞ ሩቅ አይደለችም፣ እንደኛው የገበሬ አገር ናት። እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 «ሰው ማለት ጤና ነው» የሚል ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው በቡድን በቡድን ሆኖ ሬዲዮ ሰማ። በየቡድኑ አንድ መሪ ነበር። ከሬዲዮው ቀጥሎ ከመጽሐፍ ይነበባል፣ ውይይት ይደረጋል፣ ከዚያ ወደ ሥራ ይኬዳል። ስለ ወባ ከተሰማ የታቆረው ውኃ ይጠረጋል። ስለ ተቅማጥ ከተሰማ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፈራል። ኮሎምቢያ በምትባል አገርም አንድ ቄስ ሱታቴንሳ በሚባል የገጠር ቀበሌ በ1947 የሬዲዮ ትምህርት ጀምረው ነበር። በኋላ ሬዲዮው ብቻውን ስላልበቃ ለገበሬዎች ጋዜጣ አወጡ። የጋዜጣው ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ገበሬው»። ያ ጣቢያ ዛሬ የለም፤ በእሱ ፊደል የቆጠረው ሕዝብ ግን ብዙ ነው።

በሁሉም አገር ከሬዲዮው ጎን ሰው እንደነበረ አስተውሉ። እኛ አገርም ይህን አይተናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበር። ሬዲዮ የሌለው ልጅ ቀረ። ሬዲዮ ያለው ልጅም ቢሆን ያልገባውን የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። «ሬዲዮ ካለ መምህር ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው። ሬዲዮ እጅ ቢያወጡለት አያይም።

ደግሞ የተነገረው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ለደጋ የተነገረ ምክር ለቆላ አይሆንም። የሩቅ ገበያ ዋጋ የእኛ ገበያ ዋጋ አይደለም። አባቶች «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላሉ። ስለዚህ የሰማነውን ጽፈን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው እናሳየው። ለእኛ መሬት ይሆናል ወይ? ብለን እንጠይቀው። «በሬዲዮ እንዲህ ያሉ መሰለኝ» ከማለትና ተጽፎ ከማሳየት የትኛው ይሻላል?

ችግሮች አሉ። አንደኛው የባትሪ ድንጋይ ነው። ባለ ሬዲዮው ሰው «ድንጋዬን ትጨርሱብኛላችሁ» ቢል እውነት አለው። ድንጋዩን ማኅበሩ ይግዛው፤ ወይም ተማሪው ሳንቲም ሳንቲም ያዋጣ። በፀሐይ የሚሠራ ሬዲዮ ያለበት መንደር ዕድለኛ ነው። ይሄ ቀላል ነገር ነው፤ ለዕድርም እናዋጣለን።

ከባዱ ሌላ ነው። ሰዓቱ ነው። ጠቃሚው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከብት ሲገባና ላም ሲታለብ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ሕፃን የሚያለቅስበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ማን ይሰማል? ወንዶቹ። ጥጃ የምታስረው፣ ወተት የምትንጠው፣ ዶሮ የምታረባው ግን ሴቷ ናት። ስለ ዶሮ ክትባት ሲነገር ባልየው ሰምቶ፣ ረስቶ፣ ዶሮዎቹ አለቁ። እንግዲህ ለሴቶቹ ሲባል ፕሮግራሙ ተቀድቶ በትምህርት ሰዓት ይሰማ፤ ይሄ ለጊዜው ይረዳል። ዋናው ግን ጣቢያው ሰዓቱን እንዲለውጥ መጠየቅ ነው። «ማን ይሰማናል?» አትበሉ። የካናዳ ገበሬዎች ጽፈው ይልኩ አልነበር?

ደብዳቤውን እኔ ልጻፍላችሁ አልልም። የማታው ክፍል ይጻፈው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ሰው፣ ሌላው ከሌላው ይምጣ። በየትኛው ሰዓት እንደምንሰማ፣ በየትኛው ሰዓት እንደማንችል፣ ስለ ምን መስማት እንደምንፈልግ ይጻፍ። ሴቶቹ ደግሞ የሚመቻቸውን ሰዓት ራሳቸው ይጻፉ። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። የማኅበሩ ማኅተም ይመታበት። ከሥሩ የሁላችሁም ስም ይፈረም፤ የጣት አሻራ ግን አይኑርበት።