ለሐር አበባ የሚስማማው መቀስ

ሰው በሥራው ላይ ጉድለት ባየ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው ሥራውን በሠራበት ዕቃ ነው። ጨርቁ ክፉ ነበር፤ ክሩ የላላ ነበር፤ ቀለሙ አልያዘም ይላል። በእጁ የያዘውን መሣሪያ መርምሮ «ጥፋቱ ከዚህ ይሆንን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ መቀስ ለመናገር ያሰብሁት ይህንኑ በቅርብ ስላየሁ ነው።

በዑጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ንሳምብያ የሚባል ኮረብታ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. የተቋቋመው የቅዱስ ፍራንሲስ ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው። በዚህ ሰፈርና በአጎራባቹ በካባላጋላ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። እኔም በዚያ ቤት ተከራይቼ በቆየሁበት ጊዜ ጎረቤቴ የነበረች አንዲት ወጣት ለሙሽሮች ጠጉር ጌጥ የሚሆን የሐር አበባ እየሠራች ራሷንና ታናሽ ወንድሟን ታስተዳድር ነበር። ሙያውን የተማረችው ቻይናውያን ሲሠሩ የሚያሳይ ፊልም በስልኳ ደጋግማ በመመልከት ነው።

አንድ ማታ የሥራ ሣጥኗን ታቅፋ ወደ ቤቴ መጣች። «ጋሼ፥ እስቲ ይመልከቱልኝ። ሐሩን የሸጠልኝ ነጋዴ ሳያጭበረብረኝ አልቀረም። የአበባው ጫፍ እየጎፈረ አስቸገረኝ። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ ቀብዱንም ተቀብያለሁ። ነገ ሄጄ ሰው ሁሉ እየሰማ እናገረዋለሁ» አለችኝ።

አበባዎቹን አየሁ፤ እንዳለችውም ጫፋቸው ሸካራ ነበር። ሐሩን ግን በጣቴ ብዳስሰው ለስላሳና የሚያበራ ሆኖ አገኘሁት። ቀጥዬም «የምትቆርጪበትን መቀስ አሳዪኝ» አልኋት። ያቀረበችልኝ መቀስ ከሟች እናቷ የወረሰችውና ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው ነው። ስለቱን ወደ መብራቱ አቅርቤ ስመለከት ከጫፉ አጠገብ ሦስት ቦታ ተሸራርፏል። ለካ ሐሩንም ወረቀቱንም ሽቦውንም የምትቆርጠው በዚሁ በአንዱ መቀስ ኖሯል።

ይህ ነገር ለምን እንዳበላሸባት ለመረዳት አበባው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቻይናውያን ይህን ዐይነቱን አበባ ሮንግኋ ይሉታል። ቃሉ ሲነገር «ክብርና ብልጽግና» ከሚል ሌላ የቻይና ቃል ጋር ይመሳሰላልና በሠርግና በበዓል ቀን ማጌጫነቱ የተወደደው ስለዚህም ጭምር ነው። ሙያው በተለይ በናንጂንግ ከተማ የታወቀ ሲሆን የዚያ ከተማ ባለሙያ የሆኑት ዣው ሹሺየን የሠሯቸው አበባዎች በ2018 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በታየ አንድ የቻይና የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ የቤተ መንግሥት ወይዛዝርት ጌጥ ሆነው በመቅረባቸው ሙያው እንደ ገና በብዙ ሰው ዘንድ ታወቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሐሩ ሙጫው እንዲለቅ ይቀቀላል፤ ቀለም ይነከራል፤ ይደርቃል። ቀጥሎ ጭራው ጎን ለጎን ተዘርግቶ በብሩሽ ይበጠራል። ከዚያም በእሳት የለሰለሰ ቀጭን የመዳብ ወይም የነሐስ ሽቦ ሁለት ሁለት እየሆነ ሐሩን ከላይና ከታች ይይዘዋል። ተይዞ የተዘረጋው ሐር በሽቦና በሽቦ መካከል በመቀስ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሽቦው ሲከረር ሐሩ በዙሪያው ይቆምና የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ይመስላል። በመጨረሻም ባለሙያው ይህን ብሩሽ መሰል ነገር በግራ እጁ ጣቶች እያዞረ በቀኝ እጁ በያዘው መቀስ ዙሪያውን ይከረክመዋል፤ አንዱን ጫፉ የሾለ ቅጠል፥ አንዱን ክብ እምቡጥ ያደርገዋል። የአበባው መልክ የሚወሰነው በዚህ ክርከማ ነው። አንድ ጊዜ የተቆረጠውን ሐር መልሶ መቀጠል አይቻልምና ስሕተቱ እርማት የለውም።

እንግዲህ ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች አሉ ማለት ነው፤ ለሦስቱም አንድ መሣሪያ አይበቃም። የተዘረጋውን ሐር ለመቁረጥ ቀጥ ያለና ረዘም ያለ ስለት ያለው መቀስ ይሻላል፤ አጭሩ መቀስ መንገዱን ደጋግሞ ስለሚጀምር ቁርጡ ይንጋደዳል። ለክርከማው የሚያስፈልገው ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፥ ጫፉ የሾለ፥ ክብደቱ ለጣት የማይሰማ ትንሽ መቀስ ነው። ለሽቦው ደግሞ መቀስ ሳይሆን ፒንሳ ነው። ሐር የሚቆርጥ መቀስ አንድ ጊዜ እንኳ ሽቦ ከነካ ስለቱ ይሸረፋል፤ የተሸረፈው ስለትም ሐሩን በመቁረጥ ፈንታ ይጎትተዋል፥ ያጥፈዋልም። የጎረቤቴ አበባ የጎፈረው በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህ የሥራ ክፍፍል የቻይናውያን ብቻ አይደለም። በዚያው በዑጋንዳ የቡጋንዳ ሰዎች ሙቱባ ከሚባለው ዛፍ ልጥ ጨርቅ ሲሠሩ ልጡን የሚቀጠቅጡት በአንድ መዶሻ አይደለም። በመጀመሪያ ጎድጎዱ ሰፊ በሆነው የእንጨት መዶሻ፥ በኋላም ጎድጎዱ እየጠበበ በሄደው ይቀጠቅጡታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ የጻፈው ይህ ሙያ የቆየው እያንዳንዱ መሣሪያ በተራው ስለ ሠራ ነው።

ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው መቀሱን እንዴት ይምረጥ? ስሙ የታወቀ መቀስ መግዛት መልካም ነው። በቻይና የዋንግ ማዚ መቀስ በቤጂንግ ከ1651፥ የዣንግ ሺያውቹዋን መቀስ ደግሞ በሃንግዦው ከ1663 ዓ.ም. ጀምሮ (ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር) የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ስም ብቻውን አይቆርጥምና ገዢው ራሱ ይፈትን።

አንደኛ፥ መቀሱን ዘግቶ በጎኑ ወደ ብርሃን ያንሣው። ሁለቱ ስለቶች በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ኖሮ ጫፋቸው ላይ ሊገናኙ ይገባል። ስለቶቹ በመጠኑ የጎበጡት ሆን ተብሎ ነው፤ ሲቆርጡ የሚነካኩት በአንዲት ነጥብ ብቻ እንዲሆን ነው።

ሁለተኛ፥ ቀስ ብሎ ይክፈተው፥ ይዝጋውም። የሚያያይዘው ብሎን ላልቶ መቀሱ ቢወዛወዝ ወይም መንገድ ላይ ቢይዝ ይተወው።

ሦስተኛ፥ ጥቂት የሐር ጭራና በውኃ የራሰ ስስ ወረቀት ይዞ ይሂድ። በመቀሱ አፍ ሥር ሳይሆን በጫፉ ይቁረጥ። ወረቀቱ ከታጠፈ ወይም ሐሩ ካመለጠ መቀሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አራተኛ፥ ግራኝ የሆነ ሰው ለግራኝ የተሠራ መቀስ ይፈልግ። ለቀኝ እጅ የተሠራውን በግራው ሲይዝ የአውራ ጣቱ ግፊት ስለቶቹን ያራርቃቸዋል፤ ሐሩም በመካከላቸው ይታጠፋል።

ከተገዛ በኋላ ደግሞ እንክብካቤ ያስፈልገዋል። እንደ ካምፓላ ዝናብና እርጥበት በሚበዛበት አገር መቀሱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በብሎኑ ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ከዝገት ያድነዋል። ሲሳልም የሚሞረደው በውጭ በኩል ያለው ዘቅዛቃው ጠርዝ ብቻ ነው፤ እርስ በርሱ የሚገጥመው የውስጡ ገጽ ከተሞረደ መቀሱ ዳግመኛ አይገጥምም።

እኔ ይህን ለማወቅ የበቃሁት በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የስፌት መምህራችን የጨርቁን መቀስ በቀይ ክር አስሮ ከግድግዳ ይሰቅለው ነበር። ወረቀት ሲቆርጥበት የተገኘ ተማሪ ክፍሉን ሳምንት ሙሉ ይጠርጋል። ያን ጊዜ ቅጣቱ የበዛ መስሎኝ ነበር።

አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎችም አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማርኛ መቀስ፥ በእኔ በትግርኛ መቐስ፥ በስዋሂሊ ደግሞ ምካሲ ይባላል። ሁሉም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ንሳምብያ ውስጥ መቀስ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ቃሉን አብዛኛውን መንገድ ይዞት ሄዷል ማለት ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። በማግሥቱ ነጋዴውን ለመክሰስ መሄዷን ተወችና ወደ ኦዊኖ ገበያ ወርዳ አንድ ትንሽ መቀስና አንድ ፒንሳ ገዛች። ይሁን እንጂ የቀረው ጊዜ አጭር ነበር። የታዘዘችው ዐሥራ ሁለት አበባ ሲሆን እስከ ዓርብ ማታ ጥሩ ሆነው የወጡት ሰባት ብቻ ናቸው። የጎፈሩትን ቀላቅላ ቁጥሩን ለመሙላት አስባ ነበር፤ ቤቱ የሠርግ ቤት ነውና ማን አተኩሮ ያያል? ሆኖም ሰባቱን ብቻ ይዛ ሄዳ ለሙሽራዪቱ እናት እውነቱን ነገረቻቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ለሰባቱ እከፍላለሁ፤ የቀረውን ገንዘብ መልሺ» አሏት። መለሰች። ወር ሳይሞላ ግን እኒያው ሴት የእኅታቸውን ልጅ ሠርግ አበባ እንድትሠራ አዘዟት።

የእናቷ መቀስ በባለሙያ ተሞርዶ ስለቱ ተመልሶለታል፤ የጠፋው ብረት ግን አልተመለሰም፤ ከቀድሞው ይልቅ ቀጥኗል። አሁን የተዘረጋውን ሐር ከመቁረጥ በቀር ለሌላ ሥራ አይነሣም። በቀይ ክር ታስሮ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል።

አባቶቻችን «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይላሉ። በሥራችሁ ላይ ጉድለት ባያችሁ ጊዜ ባልንጀራችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት የያዛችሁትን መሣሪያ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ተመልከቱ።