በቅሎ ሲገዙ ጥርስ ይታያል፤ ታብሌት ሲገዙስ?



አንድ ሰው በቅሎ ለመግዛት ገበያ ሲወጣ የጠጕሯን ማማርና የኮርቻዋን ጌጥ ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። አፏን ከፍቶ ዕድሜዋን ከጥርሷ ይገምታል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ያያል፤ ጥቂትም አስኪዶ አረማመዷን ይመለከታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በቅሎዋን ለምን እንደሚፈልጋት፣ ለጭነት ይሁን ለመቀመጫ፣ በልቡ ቈርጦ ነው ከቤቱ የሚወጣው። እኛ የዛሬ ተማሪዎች ታብሌት ስንገዛ ይህን የአባቶቻችንን ጥንቃቄ ረስተነዋል ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን በራሴ ላይ የደረሰውን በማስታወስ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለአንዳንድ ተፈታኞች በበይነ መረብ ከተሰጠ ወዲህ «ልጆቻችን ታብሌት ያስፈልጋቸው ይሆን?» የሚለው አሳብ በየቤቱ ገብቷል። እናቴም ዕቁብ ሲደርሳት ከገንዘቡ ከፍላ ሰጠችኝና «እኔ ይህን ዕቃ አላውቀውም፤ አንቺው መርጠሽ ግዢ» አለችኝ። እኔም አንድ ሱቅ ገብቼ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገዝቼ ወጣሁ። የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ብቻ ነበር፤ ይኸውም ጀርባው ሰማያዊ መሆኑና በካርቶኑ ላይ «64 ጊጋባይት» ተብሎ መጻፉ ነው።

ስድስት ወር ያህል ማስታወሻዬን፣ የመማሪያ መጻሕፍቱን ቅጂና መምህራን የላኩልንን መልመጃ ስከምርበት ቈየሁ። አንድ ቀን ግን ፋይሎቹ አልከፈት አሉ። ወደ ጠጋኝ ብወስደው፣ ዕቃው በእውነቱ ከ64 እጅግ ያነሰ መያዣ እንዳለውና የሚታየው ቍጥር ሆን ተብሎ የተለወጠ መሆኑን ነገረኝ። ከልኩ በላይ የገባው ሁሉ ጠፍቶ ኖሯል። የማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔን የከበደኝም ይኸው ዝምታዋ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ያን ቀን ገባኝ።

ዘንድሮ አጎቴ ሌላ ሊገዛልኝ ስለ ፈቀደ፣ በዚህ ጊዜ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ለማድረግ ወሰንኩ። በመጀመሪያ ዕቃው የሚሠራልኝን ሥራ በደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ የመማሪያ መጻሕፍትን ማንበብ፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ማጥናት፤ በየቀኑ የኢንተርኔት ጥቅል ሳይገዙ መሥራት፤ ከሁለት ታናናሾቼ ጋር መጋራት። ከዚያም በዘመድና በጓደኛ እጅ የሚገኙ ሦስት ትንንሽ ታብሌቶችን በየተራ ተውሼ፣ ሁሉንም በአንድ የፊዚክስና በአንድ የአማርኛ መጽሐፍ ገጽ ፈተንኳቸው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአማዞን ፋየር 7 ነው። ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 60 ዶላር ያህል ስለ ነበረ በርካሽነቱ የሚመሰገን ነው፤ የማስታወሻ ካርድም ይቀበላል። ነገር ግን ቀጥ አድርገው ሲይዙት የመስታወቱ ወርድ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በኤፎር ወረቀት ልክ፣ ማለት በ21 ሴንቲ ሜትር ወርድ የተሰናዳ ገጽ በዚያ ላይ ሲታይ ፊደሉ ከግማሽ በታች ያንሳል። የምስሉ ነጥቦችም 1024 በ600 ስለ ሆኑ «ሱ»ን ከ«ሲ» ለመለየት ገጹን እያጐሉ መግፋት ግድ ሆነብኝ። ከዚህም በቀር ብዙዎቻችን የለመድነው የጉግል ፕሌይ መደብር አብሮት አይመጣም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአፕል አይፓድ ሚኒ ነው። በመሣሪያነቱ ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ መሆኑን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ነጥቦቹ 2266 በ1488 ናቸውና ፊደሉ እንደ ታተመ መጽሐፍ ጥርት ብሎ ይታያል። ለብቻው በሚሸጠው ብዕር ስለሚሣልበትም ሥነ ሕንፃ ወይም ሥዕል ለሚያጠና ሰው ፍርዴ ሌላ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሲወጣ መነሻ ዋጋው 499 ዶላር፣ ማለት የፊተኛው ስምንት እጥፍ ያህል ነው። የካርድ መክተቻ ስለሌለውም መያዣው ሲሞላ በካርድ ማስፋት አይቻልም።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ነው። ነጥቦቹ 1340 በ800 ናቸው፤ ካርድም የጆሮ ማዳመጫ ገመድም ይቀበላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። የዚህ መስታወት 8.7 ኢንች፣ የአይፓዱ 8.3 ኢንች ይባላል፤ በማስመሪያ ስለካቸው ግን የአይፓዱ ወርድ በጥቂቱ በልጦ ተገኘ። ምክንያቱም ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ስለ ሆነ፣ ቀጭንና ረዥም መስታወት በቍጥር ትልቅ መስሎ ይታያል። የሚነበበው ግን ሰያፉ ሳይሆን ወርዱ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ከተገዛ አይቀር ምርጡን ነው» ይሉኛል። እኔ ግን በበኩሌ ምርጥ የሚባለው ከሌላ ታብሌት ጋር ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጋር ተመዝኖ መሆን አለበት እላለሁ። ለእኔ ሥራ ሦስተኛው በቃኝ። መጻሕፍቱን በካርድ ላይ ጭኜ ያለ ኢንተርኔት አነባለሁ፤ የተረፈው የአጎቴ ገንዘብም ለታናናሾቼ ደብተርና መጽሐፍ ይሆናል። ካርዱንም ሆነ ታብሌቱን ግን ገና እንደ ገዛሁ ልካቸው በታወቀ ፋይሎች እስኪሞሉ ጭኜ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ከፍቼ አያለሁ። ያን ጊዜ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ውሸቱ በመጀመሪያው ቀን ይገለጥ ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ታብሌት ሲጠይቃችሁ ከዋጋው በፊት ሥራውን ጠይቁት፤ በወረቀትም ያቅርብ። መምህራኖቻችንም በትምህርቱ ዘመን መጀመሪያ ለትምህርታችን በእርግጥ የሚያስፈልገውን ቢነግሩን ብዙ ገንዘብ ከብክነት ይድናል።

በመጨረሻ ደብተሬን ይዤ ወደ እናቴ ቀረብኩና ሁሉንም አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ካዳመጠችኝ በኋላ «ታናናሾችሽ ቢጥሉትስ? መስታወቱ እዚህ ይገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከጻፍኩት ሁሉ መካከል ይህ አልነበረም። «ዕቃውን አላውቀውም» ያለችው እናቴ መግዛትን ከእኔ ይልቅ ታውቅ ኖሯል። ጥያቄዋን ከደብተሬ ላይ ጨመርኩና በማግሥቱ ወደ ጠጋኞች መንደር ሄድኩ።