ስለ ድረ ገጽ ሥራና ስለ ፍተሻው ጊዜ

ቡናውን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ናሙናው ሳይመረመር ጭነቱን ወደ ጅቡቲ አያወርድም። ጥሬው በዓይን ይታያል፤ እንከኑ ይቈጠራል፤ ከዚያም ተቈልቶና ተፈልቶ በቀማሾች አፍ ከተፈተነ በኋላ ደረጃ ይሰጠዋል። ለዚህ የሚሆነውን ቀን ባከነ የሚል ላኪ የለም፤ ሳይቀመስ የሄደ ቡና በሐምቡርግ ወይም በጂዳ ተቀባይ ቢያጣ ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አሳምሮ ያውቃልና። ይኸው ሰው ለንግድ ቤቱ ድረ ገጽ በሚያሠራበት ጊዜ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ለሥዕሉ፣ ለቀለሙና ለመክፈቻው በዓል ብዙ ይጨነቃል፤ ሥራው ተመርምሮ ለሚያልፍበት ጊዜ ግን አንዲት ቀን እንኳ በውሉ ላይ አያስጽፍም።

የነገሩ ምክንያት ከቸልተኝነት ይልቅ ከሥራው ቅደም ተከተል የሚመጣ ነው። የመክፈቻው ቀን ለፋሲካ ገበያ ተወስኖ ለደንበኞች ሁሉ ተነገረ እንበል። የዕቃዎቹ ዝርዝርና ፎቶግራፍ ከነጋዴው ዘንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሠሪው በበኩሉ አንድ ሳምንት ይጨምራል፤ ባንኩ የክፍያውን መገናኛ እስኪፈቅድ ድረስ ደግሞ ሁለተኛው ሳምንት ያልፋል። የመክፈቻው ቀን ከቶ አይነቃነቅምና ይህ ሁሉ መዘግየት የሚከፈለው ከመጨረሻው ሥራ ላይ ነው፤ የመጨረሻውም ሥራ ፍተሻ ነው። ፍተሻው ይቅር ብሎ የወሰነ ሰው ሳይኖር ፍተሻው ቀረ ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት የተጐዱት ትንንሾቹ ብቻ አይደሉም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መግዣ የሆነውን ሄልዝኬር ዶት ገቭ የተባለውን ድረ ገጽ ኦክቶበር 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በከፈተ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው ሥራቸውን የፈጸሙት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሥራውን የሠሩት ኩባንያዎች በዚያው ወር በምክር ቤት ቀርበው ሲጠየቁ፣ ሥርዓቱ ከዳር እስከ ዳር የተፈተሸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እንደ ነበረና የሚገባው ጊዜ ግን ወራት እንደ ነበር መስክረዋል።

የእንግሊዙ የቲኤስቢ ባንክ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። ባንኩ በኤፕሪል 2018 እ.ኤ.አ. ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞቹን መዝገብ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ አዲስ ሥርዓት አዛወረ። በማግሥቱ እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ሒሳባቸውን መክፈት አቃታቸው፤ የሌላውን ሰው ሒሳብ ያዩም ነበሩ። በኋላ ነገሩን የመረመሩት ጠበቆች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ሁለት ነገር አመለከቱ። አንደኛ፣ ዕቅዱ የተሠራው የማለቂያው ቀን አስቀድሞ ተወስኖ ከዚያ ወደ ኋላ በመቊጠር ነበር። ሁለተኛ፣ ሁለት የመረጃ ማእከሎች አብረው እንዲሠሩ ታስቦ ሳለ የፍተሻው ዋና ክፍል የተደረገው በአንደኛው ላይ ብቻ ነበር። ባንኩ በዲሴምበር 2022 እ.ኤ.አ. 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል። የዚያን ያኽል ገንዘብ ለፍተሻ ቢጠየቅ ኖሮ የባንኩ ሹማምንት ምን ይሉ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በአገር ውስጥም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ገና አልተረሳም። ባንኩ እንደ ገለጠው ችግሩ የመጣው ከውጭ በተሰነዘረ ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ነበር፤ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥም ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ 801 ሚሊዮን ብር ያኽል ወጪ አድርገዋል ወይም አዛውረዋል። ትልቁ ባንክ አብዛኛውን ገንዘብ ማስመለስ ችሏል። አንድ ባለሱቅ ግን ድረ ገጹ በተሳሳተ ዋጋ የሸጠውን ዕቃ ከየደንበኛው ቤት እየዞረ ሊያስመልስ አይችልም።

እንግዲህ ፍተሻ ሲባል ባለቤቱ በአዲስ ስልኩ፣ በቢሮው ፈጣን መስመር፣ ሠሪው አጠገቡ ቆሞ እያመለከተው ገጹን ከፍቶ “እጹብ ነው” ማለቱ አይደለም። ፍተሻ ማለት መርካቶ የሚገኘው ደንበኛ ኔትዎርክ በሚቈራረጥበት ሰዓት፣ ባረጀ ስልክ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ አድርጎ ማየት ነው። መስመሩ በክፍያው መካከል ቢቋረጥ ገንዘቡ ከደንበኛው ሒሳብ ወጥቶ ትእዛዙ ሳይመዘገብ ይቀራልን? ሁለት ጊዜ ቢጫን ሁለት ጊዜ ይከፍላልን? በመጋዘን የቀረችውን አንዲት ዕቃ ሁለት ሰዎች ባንድ ደቂቃ ቢያዙ ለማን ትሰጣለች?

ከዚህም በላይ ውጭ አገር የተሠራ ሥርዓት ጨርሶ የማያውቃቸው ነገሮች አሉ። ገዢው “ፀጉር” ብሎ ሲፈልግ ባለሱቁ “ጸጉር” ብሎ የጻፈው ቅባት አይወጣለት ይሆናል። ዕቃው ለጳጉሜን 3 እንዲደርስ የታዘዘ እንደ ሆነ አሥራ ሦስተኛውን ወር የማያውቅ ቅጽ አይቀበለውም። “ከጧቱ 3 ሰዓት” የተባለውን በውጭው አቈጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ የሚልክም ይገኛል። ላኪውን የሚያሠጋው ደግሞ መለኪያው ነው። አገር ቤት በፈረሱላ፣ ማለት በ17 ኪሎ የተነገረው ዋጋ፣ ለውጭው ገዢ በፓውንድ ሲቀርብ ሒሳቡ በትክክል መለወጡን በእጅ አስልቶ ማመሳከር ያሻል። 1,250 ተብሎ የተጻፈውንም የጀርመን ገዢ አንድ ከሩብ ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ በዚያ አገር ኮማ የሚያገለግለው ለክፍልፋይ ነውና።

ብዙ ሠሪዎች “እየሠራን እንፈትሻለን” ይላሉ፤ እውነትም ይፈትሻሉ። ይሁን እንጂ መዝገቡን የያዘ ሒሳብ ሠራተኛ ራሱ ኦዲተር ሆኖ እንዲፈርም የሚፈቅድ ነጋዴ የለም። ገጹን መፈተሽ ያለበት ያልሠራው ሰው ነው፤ ለዚህም የሱቁ ገንዘብ ያዥ፣ የመጋዘኑ ኃላፊና ከደንበኞች ሁለት ሦስቱ ከማንም ይበልጣሉ። እነርሱ በእውነተኛ ዕቃ፣ በእውነተኛ ዋጋ፣ በጥቂት ብርም ቢሆን በእውነተኛ ክፍያ ይሞክሩት፤ ገንዘቡ በባንክ መድረሱም፣ ተመላሽ ሲጠየቅ መመለሱም በመዝገብ ይታይ።

በዕቅድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሌላ ነው። ለፍተሻ ቀን የሚመድቡት እንኳ እንከን ለመፈለጊያ ብቻ ይመድቡና እንከኑ ለሚታረምበት ጊዜ ሳይተዉ ይቀራሉ። እርማት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሌላ እንከን ይወልዳል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ፍተሻ ግድ ነው። የሦስት ወር ሥራ ከሆነ ሦስት ሳምንት ለዚህ ቢለይ ብዙ አይደለም።

ይህም በቃል የሚቀር ሳይሆን በውሉ የሚጻፍ ሊሆን ይገባል። የፍተሻው ቀኖች በቊጥር፣ ዋጋቸውም ለብቻው ይመልከት። የሚፈተሹት ነገሮች ዝርዝር ከውሉ ጋር ይያያዝ። ሠሪው ወይም ነጋዴው በዘገየበት ቀን ልክ መክፈቻው ይተላለፋል እንጂ ከፍተሻው አይቀነስም የሚል አንቀጽ ይግባበት። ክፍያውን በተመለከተ ነጋዴው ከሕንፃ ሥራ የሚማረው አለ፤ በዚያ ሥራ ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ የተለያዩ ናቸው፤ ከተቋራጩም ላይ የመያዣ ገንዘብ ይቀራል። ለድረ ገጽ ሠሪ ቀብዱን ሰጥቶ ቀሪውን በመክፈቻው ቀን ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ነጋዴ ግን በማግሥቱ ስልክ የሚያነሣለት ላያገኝ ይችላል።

ለበዓል ገበያ የሚሠራ ባለሱቅ ቀኑን ማስተላለፍ አይቻለኝም ሊል ይችላል፤ ትክክልም ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከፍተሻው በመቊረጥ ፈንታ ከሥራው ይቊረጥ። 200 ዕቃ ሊያቀርብ ያሰበ እንደ ሆነ ለፋሲካ 20ውን በሚገባ አስፈትሾ፣ ክፍያውን ዕቃው ሲደርስ በእጅ ተቀብሎ ይክፈት፤ የቀሩት 180ዎቹና በስልክ የሚፈጸመው ክፍያ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ፍተሻቸው ሲያልቅ፣ ሊጨመሩ ይችላሉ።