ነጩ የዚንክ ዱቄት ከሽንት ጨርቅ እስከ ፊት ቅባት

የጣሪያችን ቆርቆሮ ዝገት እንዳይበላው የሚለበጥበት ማዕድን ዚንክ ይባላል። ይኸው ማዕድን ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ዚንክ ኦክሳይድ የተባለ ነጭ፣ ሽታ የሌለው፣ በውኃ የማይሟሟ ዱቄት ይሆናል። ውድ እናቶች፣ በስሙ ባታውቁት እንኳ ከቤታችሁ አይጠፋም። የሕፃኑ መቀመጫ ሲቀላ የምትቀቡት ወፍራም ነጭ ቅባት፣ ልጆች ጉድፍ ሲወጣባቸው ማሳከኩን የሚያበርደው ሮዝ ካላሚን፣ እንዲሁም ብዙዎቹ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ይህ ዱቄት አለባቸው።

ሕፃኑን በሚመለከት፣ ቅባቱ በሽንቱና በቆዳው መካከል እንደ ግድግዳ ስለሚሆን በስሱ ሳይሆን ደለብ ተደርጎ ይቀባል። አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ማጠብና በሚገባ ማድረቅ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ጊዜ የቀረውን ቅባት ፈግፍጎ ለማስለቀቅ መድከም የታመመውን ቆዳ መላጥ ብቻ ነው። በሁለት በሦስት ቀን ካልተሻለው ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ይህን ግን የሕፃናት ፓውደር ከሚባለው ጋር አታምታቱት። ፓውደሩ ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረው ታልክ ከሚባል ሌላ ማዕድን ሲሆን፣ ሲነሰነስ ብናኙ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይገባል። የአሜሪካው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በመላው ዓለም የታልኩን የሕፃናት ፓውደር መሸጥ አቁሟል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2024 ታልክን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ነገሮች መድቦታል። ስለሆነም ለሕፃን ቆዳ ማድረቂያ ከንጹሕ ፎጣ የተሻለ አናውቅም።

ወደ ፀሐዩ እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የአየሩ ቅዝቃዜ ሊያታልለን አይገባም። እርግጥ ነው፣ ጥቁር ቆዳ ከቃጠሎ የሚጠብቅ የተፈጥሮ ቀለም አለው። ማድያት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በእርግዝና ወይም የወሊድ መከላከያ እንክብል በመዋጥ የሚነሳው ማድያት፣ በአልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዐይን በሚታየው ብርሃንም ይባባሳል። ነጩ ዚንክ ይህን ሁለተኛውን በሚገባ አይከላከልም፤ በዚያም ላይ በእኛ ፊት ላይ አመድ የነካው ያስመስላል። የብረት ኦክሳይድ ተጨምሮበት የቆዳ ቀለም የያዘው ዓይነት ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። የካላሚኑ ሮዝ ቀለምም ከዚሁ ከብረት ኦክሳይድ የመጣ ነው። መጠኑ፣ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት የተዘረጋ ቅባት ሲሆን፣ ውጭ የምትውል ሴት በየሁለት ሰዓቱ መድገም አለባት። ኪሷ ካልፈቀደ ሰፊ ባርኔጣና ጃንጥላ ብዙ ይረዷታል። ማድያትን ያጠፋል ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠውን ማንነቱ ያልታወቀ ማቅያ ግን አትንኩት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ለፅንስም ይተርፋል።

ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን በጥላ ይጠበቃል እንጂ የፀሐይ ቅባት አይቀባም።

አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ይህ ቅባት መዋቢያ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ቆዳው መከላከያ ቀለም ስለሌለው ገና በወጣትነቱ ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣል። መከላከያ ቁጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነውን ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ጆሮውንና ማጅራቱን ሳትዘሉ ቀቡት፤ እጅጌ ሙሉ ልብስና ባርኔጣ አልብሱት። የስፖርት ክፍለ ጊዜውን በጥላ ሥር እንዲያሳልፍ መምህሩን አነጋግሩ። በፊቱ ወይም በከንፈሩ ላይ አልድን ያለ ቁስል ካያችሁ ሳይውል ሳያድር ለቆዳ ሐኪም አሳዩት።