ቱጋያን የማያውቅ የማራዊ ለቅሶ



ኡማው እንደ አንድ አካል ነው ሲባል እየሰማን አድገናል። ታዲያ አካሉ እጅ እንዳለው ትዝ የሚለን እጁ ሲቆረጥ ብቻ ነው ወይ?

ማራዊን ታስታውሷታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፊሊፒንስ ውስጥ የወደመችው የሙስሊሞች ከተማ ናት። ያን ሰሞን ስልካችን ሁሉ በጥይት በተበሳሱ መስጂዶች ፎቶ ተሞላ። ሼር አደረግን፣ “ያ አላህ” ብለን ኮመንት ጻፍን። ከዚያ የሌላ አገር ፍርስራሽ መጣና ማራዊ ተረሳች። ከእናንተ መካከል የማራናው ሕዝብ የሚኖርባትን ሌላ አንድ ወረዳ መጥራት የሚችል አለ? እኔ አንድ ልንገራችሁ።

በሚንዳናው ደሴት ላይ ላናው የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። በእነሱ ቋንቋ “ራናው” ሐይቅ ነው፤ ማራናው ማለትም የሐይቁ ሰዎች ማለት ነው። ማራዊ በሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ ዳርቻው ደግሞ ከ20 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት ቱጋያ የምትባል የገጠር ወረዳ አለች። ቱጋያ የእጅ ባለሙያዎች አገር ናት። ናስ ይቀልጣል፣ እንጨት ይቀረጻል፣ ይሸመናል።

የናሱን ሥራ አስተውሉልኝ። ዕቃው መጀመሪያ በሰም ይሠራል፤ ጌጡም ሰሙ ላይ ይቀረጻል። ከዚያ ሰሙ በጭቃ ይለበጣል። ጭቃው እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ናስ ይፈስበታል። (እኛ አገር “ሰምና ወርቅ” የምንለው አነጋገር የመጣው ከዚሁ ዓይነት የአንጥረኛ ሥራ ነው። የሐይቁ ሰዎች ቅኔያችንን በእጃቸው ይሠሩታል ማለት ነው።) ናሱ ውራጅ ነው፤ የተጣለ የብረታ ብረት ዕቃ ተሰብስቦ ይቀልጣል። ዕቃውን ለማውጣት ጭቃው መሰበር ስላለበት አንድ ቅርጽ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። ትልልቅ ማሰሮ፣ ሳጥን፣ ኩሊንታንግ የሚባለው የደወል ረድፍ ሁሉ የሚያጌጠው ኦኪር በሚሉት እየተጠማዘዘ በሚሄድ የሐረግና የቅጠል ንድፍ ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት ቱጋያን በ2006 ለዩኔስኮ የዓለም ቅርስ በዕጩነት አስመዝግቧታል። የእኛ ገጾች ግን ስሟን አንስተው አያውቁም።

ለምን? መልሱን ስለማውቀው ያናድደኛል። ፍርስራሽ ላይክ ያመጣል። ጭቃ የሚለብጥ ሽማግሌ አያመጣም።

ከዚህ የባሰም ነበር። ያኔ ኮመንት ላይ “ሙጃሂዶቹ” እያላችሁ ያጨበጨባችሁ አላችሁ። የማውቴ ታጣቂዎች በ2016 መጀመሪያ ከሐይቁ በስተ ደቡብ ያለችውን ቡቲግን አመሷት፤ በዓመቱ ግንቦት ወር ማራዊ ገቡ። ውጊያው 5 ወር ፈጀ። የመንግሥት አውሮፕላንም ከላይ ቦምብ ጣለ። ከ350 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ሙስሊም ነው። የካሣው ሕግ የተፈረመው ከ5 ዓመት በኋላ በ2022 ነው። የሐይቁ ዙሪያ ወረዳዎች የሚገበያዩበት የማራዊ ገበያም አብሮ ወደመ። እስቲ ንገሩኝ፣ ያጨበጨባችሁት ለየትኛው ድል ነው? በዚያው ሳምንት የማራናው ሙስሊሞች ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው ደብቀው ከሞት አትርፈዋል። ኖሮዲን አሎንቶ ሉክማን የተባሉት የአገሩ ታላቅ ሰው በርካቶችን ቤታቸው አስጠግተው በኋላ ይዘዋቸው ወጥተዋል። ይህንንስ ስንቶቻችሁ ሼር አደረጋችሁ?

“የናስ ማሰሮ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?” የሚል ወንድም አይጠፋም። ወንድሜ፣ ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት የተገራላቸው፣ ከእጃቸው ሥራ የሚበሉ ነቢይ ነበሩ። ይህን ታውቃለህ፤ ኹጥባ ላይም ሰምተኸዋል። ነገር ግን በእኛው ሰፈር “ቀጥቃጭ” አሁንም ስድብ ነው። አምስት ወቅት ጀመዓ የማያመልጠው ሰውዬ ልጄን ለሸክላ ሠሪ ልጅ አልድርም ይላል። ጀበናውን ግን ከእነሱ ይገዛል! የቱጋያን ሰዎች እንዳናይ ያደረገን ርቀቱ ብቻ አይመስለኝም። በደጃችን ያለውን ባለሙያ የማናይበት ዓይን ሚንዳናው ሲደርስ አይበራም።

ባሕረ ሰላጤው አገር ያሉ እህቶቻችን ከእኛ ይሻላሉ። በሳዑዲና በኩዌት ቤቶች ከሚንዳናው ከመጡ ሙስሊም ሴቶች ጋር አንድ ኩሽና ውስጥ የሠሩ አሉ። እነዚያን ስለ ጓደኞቻቸው ብትጠይቋቸው ስለ ምግባቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለሚልኩት ገንዘብ ይነግሯችኋል።

የገጽ አድሚኖች ሆይ፣ የ2017 ፎቶዎች አሁንም አልበማችሁ ውስጥ አሉ። አንድ በአንድ እዩዋቸው። ከመካከላቸው ፊቱ የሚታይ፣ እጁ ላይ ሥራ የያዘ አንድ የማራናው ሰው ካገኛችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። እጠብቃለሁ።