ላሊበላን በግማሽ ቀን?

የተማሪዎች ኅብረት ለመጪው ገና ወደ ላሊበላ ጉዞ ሊያዘጋጅ ማሰቡን ስንሰማ እጅግ ደስ ብሎን ነበር። መርሐ ግብሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ባየነው ጊዜ ግን ደስታችን ቀዘቀዘ። ለመሄጃ ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ለጉብኝት ግማሽ ቀን፣ ለመመለሻም እንደገና ሁለት ቀን ተመድቧል። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከቁርስ በኋላ ተጀምረው ከምሳ በፊት ያልቃሉ ማለት ነው። ዐሥራ አንድ ቡና ቤት ለመዞር እንኳ ይህ ጊዜ አይበቃም።

የዚህን ዓይነቱን ጉብኝት እናውቀዋለን። ባለፈው ዓመት ጥቂቶቻችን ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋራ ሄደን፣ ገና ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ስንወርድ ሰዓት ይቆጠርብን ጀመር። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያደርሰው የጨለማ ዋሻ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል፤ ተሳላሚው ያለ መብራት ግድግዳውን እየዳሰሰ አልፎ ወደ ብርሃን ይወጣል። እኛ ግን «ስልካችሁን አብሩና ቶሎ እለፉ» ተባልን።

ከዚህ የባሰው በቤተ ማርያም የሆነው ነው። በገና ጧት ካህናቱ ከፊሎቹ ከገደሉ አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ይዘምራሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። የድርጅቱ ሰዎች ይህን በደንብ እንድናይ ብለው በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ከተቀመጡበት አስነሥተው ቦታቸውን ለእኛ ሰጡ። እኚህ እናት ዐሥራ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው የመጡ ናቸው። ዋዜማውንም በዚያው ስፍራ አድረዋል። ለመሆኑ ለማን ማን መነሣት ነበረበት? እሳቸው አንዳችም ሳይናገሩ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ከእኛም ወገን ካሜራ የሚያስተካክለው ብዙ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ኅብረቱ የሃይማኖት ማኅበር አይደለም፤ በመካከላችን እስላምም ፕሮቴስታንትም አለ፤ ስለዚህ ታሪኩን ማየት ይበቃናል» ይላሉ። መልካም ነው፤ ግን ታሪኩስ በግማሽ ቀን ይታያልን? አስጎብኚው በጥድፊያ የሚነግረን ንጉሡ በቀን፣ መላእክት በሌሊት ጠረቡት የሚለውን ትውፊት ብቻ ነው። ትውፊቱ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን እንደ ዴቪድ ፊሊፕሰን ያሉ የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪዎች አብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉ በአንድ ንጉሥ ዘመን አልተፈለፈሉም፤ ከመካከላቸውም በመጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያንነት ያልታሰቡ ይገኛሉ ብለው ይከራከራሉ። ይህን ክርክር እዚያው ድንጋዩ ፊት ቆሞ የሚያስረዳን አንድ የታሪክ መምህር ለምን አብሮን አይሄድም? የምሕንድስና ተማሪዎችም ስንጥቁንና እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራውን መጠለያ ቢመለከቱ ከብዙ የክፍል ውስጥ ትምህርት ይበልጥባቸዋል። መጠለያው ዝናቡን ቢከለክልም ራሱ ጭንቀት ሆኗልና፤ የላሊበላ ሰው ስጋቱን ሲናገር ኖሯል።

ይህን ስንል የከተማይቱን አስጎብኚዎች መውቀሳችን አይደለም። በመጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ላሊበላ ድረስ የዘለቀው ጦርነት እንጀራቸውን ነሥቷቸዋል። የሚያጣድፋቸው የላኪው ድርጅት ሰዓት ነው። የሦስት ቀን ዋጋ ቢከፈላቸው የሦስት ቀን ነገር አያጡም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ለሆቴል የታሰበው ገንዘብ ተቀንሶ ርካሽ ማደሪያ ይፈለግና በቦታው ሦስት ሌሊት እንደር። ዋዜማውን መቆም የሚፈልግ ይቁም፤ የማይፈልግ ይተኛ። ማንም ተማሪ ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰዓት ፎቶግራፍ አያንሣ። መርሐ ግብሩ እስከ ዓርብ ድረስ ለማሻሻያ ክፍት ነው ተብሏል። ከተሻሻለ እኛም ስማችንን እናስመዘግባለን፤ በቤተ ማርያም አፋፍ ላይ ግን ቦታ እንዳይያዝልን።